አንድ ሜትር በአንድ ሜትር

የዋንዛ ፍሬም ነው። ከድር የሚባል አናጢ፣ ሄርማታ ገበያ ጥግ ላይ፣
«ለመስኮት ነው?» ሲለኝ፣ «አዎ» ብዬዋለሁ፣ «ምድርን የሚያሳይ»።
አንድ ሜትር በአንድ ሜትር።

ቦዬ ረግረግ ዳር፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ ወርውሬ እጥለዋለሁ፤
በወደቀበት ላይ እንደ ሰጋጅ ሰው ተንበርክኬ እቆጥራለሁ።
ሳር፦ አሥራ ዘጠኝ።
ቀጠማ፦ ሁለት፣ አንዱ የጠወለገ።
ቅንጨ አረም፦ ሃምሳ፣ ስድሳ... ቆጥሬ ሳልጨርስ ሌላው አደገ።

ቁጥሩ በማታ ይሄዳል።
በኛ ሦስት ሰዓት ሲል ሜክሲኮ ቀትር ነው፤ ኢትዜል ምሳዋን ታላምጣለች፤
ዌይ ሊን ኩንሚንግ ላይ በውድቅት ያዛጋል። የኛ ሰፈር መብራት ጠፍታለች።
በሻማ እናወራለን፣ ስለ ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣
ስለሚመጡት ሠላሳ ዓመታት፣
አረሙ በየትኛው ዳገት፣ በየትኛው ሸለቆ እንደሚሄድ።
የስልኬ ባትሪ ያልቃል፤
ዳገቱን ሳንጨርስ እንለያያለን።

ሐምሌ ላይ ኢትዜል መጣች። የወንድሜን ቦቲ አዋስኳት፤
ሁለት ቁጥር ይሰፋታል፤ ጭቃው አንዱን እግር ቀማት።
ረዲያ አባ ቡልጉ ማሳ ጥግ ቁጢጥ ብላ ቅጠሉን ዳሰሰችው፣
የሰፈሯን ጋጠወጥ በባዕድ ገበያ እንዳገኘች፣ በቁልምጫ ጠራችው።
«እኛ ዘንድ» አለች፣ «የመንገድ ዳር ምስኪን ነው፤
ጥንዚዛ ይቆረጥመዋል፣ ዋግ ይመታዋል፤ ማንም ከቁብ አይቆጥረው።»

ረዲያ መኮትኮቻዋን ተመርኩዛ ቀና አለች፦
«ያገሯ ልጅ ነዋ! ታዲያ ስትመለስ ይዛው ትሂዳ!» አለች፤
«ሐረር ያገባች እህቴ ፈረምሲሳ ትለዋለች፤
አስፈርሞ የሚነቅል፣ መሬትህን እንደ አበዳሪ።
እኔ መቼ ተበደርኩ? ማነው ተያዥ? ማነው መስካሪ?»

ከኦሮምኛው ግማሹን ተረጎምኩ፤ ግማሹ ጉሮሮዬ ውስጥ ቀረ።
ጣሳ ሙሉ ወተት ቀዳችላት። አረሙን የበላች ላም ወተቷ እንደሚመር
ኢትዜል በመጽሐፍ ታውቃለች። ጠጣችው ግን፣ እስከ ግርጌው።
አፏን በክንዷ ጠርጋ ወደ ፍሬሙ ተመለሰች፣ ወደ ሃያ ሦስተኛው።

መስከረም ላይ ከኩንሚንግ ደብዳቤ፦
«ናስር፣ መዝገብህ ላይ አንድ ትንግርት አየን።
አረሙ ጅማ የገባው ካሰብነው ሰባት ዓመት ቀድሞ ነው፤
ሙቀቱ ገና ሳይነሣ፣ ምን አስቸኮለው?
ስሌቱ መልስ አጣለት። አንተስ ምን ትላለህ?»

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ላብ አጠመቀኝ።
«መቼ ነው መጀመሪያ ያየሽው?» ብዬ ረዲያን ጠይቄያት ነበር፤
«ሁለት ሺህ አምስት፣ ጥቅምት፣ ልጄን የዳርኩ ለት» አለችኝ።
እንዳለችው ጻፍኩት፣ በኛ። እነሱ በነሱ አነበቡት፤
የረዲያን ልጅ በአሥራ ሁለት ዓመቷ
ዳሩብኝ፣ በወረቀት።

ሦስት ሌሊት አረምኩ፤ መስመር በመስመር ሰባት እየደመርኩ፣
ከታኅሣሥ ማብቂያ ወዲያ ስምንት፤
ዶሮ ሲጮህ የቱ ዓመት ላይ እንዳለሁ ራሴው ጠፋኝ።

ለረዲያ ነገርኳት። አልሳቀችም።
የመዳፏን አፈር አራገፈች፦
«ያንተንም ቁጠር፣ የነሱንም ቁጠር» አለች፤
«ዝናቡስ የማንን ቆጥሮ ነው ዘንድሮ ግንቦትን የዘለለው?
አረሙስ የማን እንቁጣጣሽ ጠብቶለት ነው ያበበው?»

መዝገቡ ጥግ ላይ «ማስታወሻ» የምትል ጠባብ አምድ አለች፤
ማንም አይሞላትም።
እዚያ ጻፍኩ፦ ወተቱ ይመራል።
ዌይ ሊን በቀይ ጠየቀ፦ «መለኪያው ምንድን ነው?»
ከኔ ቀድማ የመለሰችለት
ኢትዜል ናት፦
«አንድ ጣሳ።»